ኮች ኤሚል ለኬሚስትሪ ተማሪ ቡድን ሲፈልጉ

በማርሎ ከተማ ኤሚል ኮቫሊክን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም። ለፖስተኛውም፣ ለቄሱም፣ ለጥርስ ሐኪሙም «ኮች» ናቸው። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ሲያሰለጥኑ ፀጉራቸው ነጣ፣ ጉልበታቸውም ከዳቸው። ካሸነፉት ጨዋታ የተሸነፉት ይበልጣል፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም። ከተማው የሚያከብራቸው በሌላ ነገር ነው፦ ኮሌጅ ገብቶ መጫወት የፈለገ ተጫዋቻቸው ቡድን አጥቶ አያውቅም። ስልክ ያነሱና የማያውቁትን አሰልጣኝ ሁሉ ያናግሩ ነበር። አንዱ ልጅ ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው ደግሞ፣ አባትየው ደስታውን ሳይጨርስ፣ «እዚያ ሄዶ ይጫወታል ወይስ የሚያምር ጃኬት ለብሶ ሌሎች ሲጫወቱ ያያል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በዚህ የተቀየሟቸው አባቶች አሉ። ልጆቹ ግን ገና በደረሰ ቁጥር ዛሬም ካርድ ይልኩላቸዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በእጃቸው የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ኳስ አትወድም።

ዳርሲ የሴት ልጃቸው የሮክሳን ልጅ ናት። ሮክሳን ከባሏ ተለያይታ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ዳርሲ ገና አፏን አልፈታችም ነበር። አያቷን፣ የቤቱ ወግ እንደሆነው በስሎቫክኛ «ዴዶ» እያለች፣ እሳቸው የሚሠሩላትን በቅቤና በጎመን የተጠበሰ ፓስታ እየበላች አደገች።

ማርሎ ድሮ የሳህንና የሲኒ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ ስብርባሪያቸው ግን በየጓሮው ተቀብሯል። ድንች ሊተክል መሬት የቆፈረ ሰው ሁሉ ሰማያዊ አበባ የተሳለበት የሳህን ቁራጭ ያወጣል። ዳርሲ ልጅ ሳለች ቁራጮቹን እየለቀመች ታጥብ ነበር። ከፍ ስትል ደግሞ፣ «ሳህኑን የሚያብለጨልጨው ቅብ ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ነበረበት። ታዲያ መርዙ አሁን የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። መልስ ያለው ሰው ስላልተገኘ ራሷ ፍለጋ ገባች። ከጎረቤቶች ጓሮ አፈር፣ ቲማቲምና ሰላጣ እየለመነች፣ በትምህርት ቤቱ አሮጌ ቤተ ሙከራ ስትለካ ከረመች። በዚህ ሥራዋም በኦሃዮ ወጣቶች የሳይንስ ውድድር አንደኛ ወጣች። ኮች የራሳቸውን ዋንጫዎች ወደ ምድር ቤት አውርደው መደርደሪያውን ለእሷ ሜዳሊያ ለቀቁላት።

ነገሩ የተጀመረው በመጨረሻው የትምህርት ዓመቷ መግቢያ፣ በእራት ላይ ነው።

«የተማሪዎች አማካሪዋ ምን አለችሽ?» አለች ሮክሳን።

«የመረጥኳቸውን ስድስቱንም ዩኒቨርሲቲዎች አይታ፣ 'ሁሉም ምኞት ናቸው' አለችኝ። ከመቶ አመልካች አራት አምስት ሰው ነው የሚቀበሉት። ልክሽ የሆኑትንም ጨምሪ፣ መተማመኛም ጨምሪ አለች።»

«መተማመኛ ደግሞ ምንድነው?» አሉ ኮች።

«ሳይቀበለኝ የማይቀር፣ ክፍያውም የማይከብደን ትምህርት ቤት ነዋ። ሁሉም እምቢ ካሉኝ ማለት ነው። ብላክ ፎርክ ዩኒቨርሲቲ ብዬ ጽፌላት ተገላገልኩ።»

«ሄደሽ አይተሽዋል?»

«ዴዶ! ለምን ብዬ? እኔ እዚያ አልገባ።»

ኮች ሹካቸውን አስቀመጡ። «ካልገባሽበት ታዲያ ምኑን ተማመንሽበት?»

«ዝም ብሎ መሙያ ነው።»

«መሙያ! በሚያዝያ ሁሉም በሩን ቢዘጋብሽ የምትገቢበት ቤት ነው እኮ። አንቺ ቤቱን አላየሽው፣ ጣሪያ ይኑረው አይኑረው አታውቂ።»

«በናትዎ ዴዶ፣ ይቺን እንኳ ፉትቦል አያድርጓት።»

«ልዩነቷን ንገሪኛ!»

«አባዬ፣ ምግብዎ ቀዘቀዘ» አለች ሮክሳን። ሁለቱ ከተያያዙ እንደማይላቀቁ ታውቃለች።

በማግስቱ ኮች ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው አማካሪዋን ሚስስ ፓላዲኖን አገኟት። የፓላዲኖ ታናሽ ወንድም በሳቸው ቡድን ውስጥ ተከላካይ ነበር። አራት መቶ ተማሪ የምታማክር ሴት ብትሆንም፣ ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረውን ገፋ አድርጋ ወንበር ሳበችላቸው።

«ኮች፣ የሰነፎቹ ሐሳብ አይሆንብኝም» አለቻቸው። «የምፈራው ለጎበዞቹ ነው። ጎበዝ ልጅ ወደ ላይ ብቻ ያያል። እኔ ብሆን ከታች ነበር የምጀምረው። መጀመሪያ በእርግጠኝነት የሚቀበላት፣ ክፍያውን የምትችሉት፣ ብትገባበትም ደስ የሚላት አንድ ሁለት ቦታ ይገኝ። እሱ ከተገኘ በኋላ ምኞቱ ቢሳካም ባይሳካም አያስለቅስም።»

«ደስ የሚላት የቱ እንደሆነ አንቺ ታውቂ ይሆናል፤ እኔ አላውቅም» አሉ ኮች። «ግን ስልክ መደወል እችላለሁ።»

«እንዴ፣ ኮች፣ ዳርሲን ሳያማክሩ እንዳይ...»

ኮች ቆባቸውን አድርገው ወጥተው ነበር።

ዳርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ወጥ ቤት ቆመው፣ ሜዳ ላይ እንደሚጮሁት እየጮሁ ስልክ ያወራሉ።

«እጇ ንጹህ ነው፣ ዶክተር። አትቸኩልም። የነገሯትን ትሰማለች፤ እናቷን ብቻ ነው ትንሽ የምታስቸግረው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነው፤ እናንተ ጋ መሣሪያውን የሚነካው ማነው? ... አይደለም፣ ስንት መሣሪያ አላችሁ አላልኩም! የአንደኛ ዓመት ልጅ በእጇ ትነካዋለች ወይስ በመስታወት ታየዋለች?»

ዳርሲ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው።

ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ያለችውን ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም። «አያቷ ደወሉላት ልባል! ፈረስ ነኝ እንዴ በጥርሴ የምሸጠው? የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስለ እኔ የምታውቀው እናቴን እንደማስቸግር ነው! ለስንት ሰው ነው የደወሉት?»

«ለጥቂት» አሉ ኮች። ለዘጠኝ ነበር።

ዳርሲ እሳቸውን ማናገር ተወች። እራት ላይ፣ «እማ፣ ለአባትሽ ጨው አቀብያቸው» ትላለች። ኮች ደግሞ፣ «ሮክሳን፣ ልጅሽን አመሰግናለሁ በይልኝ» ይላሉ። ሮክሳን የሁለቱንም ሰሃን ይዛ ሳሎን ብትበላ ደስ ባላት።

ቀናት አለፉና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮች በጓሮ በር ደረጃ ላይ ከጎኗ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ መቀመጡ ራሱ ሥራ ነበር።

«ተጫዋቹን ሳልጠይቅ ደውዬ አላውቅም» አሉ። «በአንቺ ግን ልቤ ቸኮለ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዳርሲ ስልኳን ከፈተችና ሰጠቻቸው። ከብላክ ፎርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዶክተር ሄለን ባውማን የመጣ መልእክት ነበር። አያትሽ የጠየቁኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ ወላጅ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ይላል። መልሱን በስልክ ከምነግራቸው መጥተሽ ብታዪው ይሻላል። ከጓሮዎቹ አፈርና ከደረቀው ሰላጣ ትንሽ ይዘሽ ነይ።

«አፈር ይዘሽ ነይ ትላለች» አለች ዳርሲ።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እወስዳለሁ! አፈር ይዤ እንድመጣ የጠየቀኝ ሰው የት አለ?»

ቅዳሜ ሮክሳን መኪናውን እየነዳች ሦስቱም ሄዱ። በቆሎው ታጭዶ መስኩ ራቁቱን ቀርቷል። ብላክ ፎርክ ሲደርሱ፣ ዳርሲ በግድግዳዋ ላይ በለጠፈቻቸው የስድስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፎቶዎች የሚታየው ማማና ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ እዚህ የለም። ቀይ ጡብ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያና ነፋስ ብቻ። ኮች የልጅቷን ፊት በስርቆት አዩ። ምንም አልታየባትም።

ዶክተር ባውማን ጉንፋን የያዛት አጭር ሴት ናት። ብዙ አላወራችም። «እኔ ዛሬ እንቅፋት ነኝ፣ ቴረል ያሳይሽ» ብላ ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አስረከበቻት። ቴረል የከብት አርቢ ልጅ ነው፤ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሷል። በእቃ ውስጥ ምን ያህል ብረት እንዳለ የሚለየውን ያን ውድ መሣሪያ ግን እንደ አባቱ ትራክተር ነበር የሚያዘው። ኮች ይህን አይተው ጥያቄያቸው እንደተመለሰ ገባቸው።

ናሙናው በአሲድ እስኪሟሟ በተማሪዎች ምግብ ቤት ምሳ በሉ። ሲመለሱ ቁጥሮቹ ወጡ። የአፈሩ ዳርሲ ከለካችው እምብዛም አልራቀም። የሰላጣው ግን እሷ ካገኘችው ሦስት እጥፍ ነበር።

ዳርሲ ስክሪኑን ደጋግማ አየችው። «መሣሪያው ተሳስቶ ይሆን?»

«ጠዋት ነው ያስተካከልኩት» አለ ቴረል። «ትምህርት ቤት በምን ነበር የምታሟሚው?»

«በደካማ አሲድ። ጠንካራውን አይፈቅዱልንም።»

«እሱ ነዋ። ደካማው ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አያወጣውም፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። እኔም አምና እንደዚሁ ተሸውጃለሁ። ያንቺ ውሸት አይደለም፣ ጎደሎ ነው።»

ኮች ጥግ ላይ ካለችው ወንበር ሆነው ያያሉ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ የተሸነፈ ልጅ ፊት አይተዋል። ቆቡን መሬት ላይ የሚፈጠፍጠው አለ፣ ዳኛው ላይ የሚያሳብበው አለ፣ ሆዱን አመመኝ የሚለው አለ። ጎደሎ የተባለው ቁጥር በኦሃዮ አንደኛ ያሰኛት ቁጥር ነው። ዳርሲ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ጓንቷን አውልቃ እጇን በሱሪዋ ጠረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ መሣሪያው ሳበችው።

«እንደገና እንሥራው» አለች። «አሁን አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልሥራ።»

ኮች መሀረባቸውን አወጡ። ሮክሳን፣ «ጉንፋኑ ያዝዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው» አሏት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዳርሲ ከኋላ ወንበር ሆና፣ «ያሸለመኝ ቁጥር ስህተት ነው» አለች።

«የኔ ልጅ፣ ማን ያውቃል?» አለች ሮክሳን። «ማንም አይጠይቅሽም።»

«ሰዎቹ ሰላጣውን እየበሉ ነው እማ። ችግር የለውም ብያቸው።»

በዚያ ሳምንት ዳርሲ ናሙና የሰጧትን ጎረቤቶች በር በሩን አንኳኳች። ኮች አብረው ሄዱ፤ ግን በረንዳው ሥር ቆመው ከመጠበቅ በቀር አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሷ ለእያንዳንዱ የነገረችው አንድ ነው፦ ተሳስቼ ነበር፣ ቲማቲሙን እጠቡና ብሉ፣ ቅጠላ ቅጠሉን ግን ከዚህ ወዲያ ከውጭ በመጣ አፈር ሣጥን ውስጥ ትከሉ። አብዛኞቹ አመሰገኗት። ሃንሎን የሚባሉት ቁጡ ሽማግሌ ግን፣ «እና ሜዳሊያውንስ ትመልሺዋለሽ?» አሏት።

«ለአዘጋጆቹ ጽፌላቸዋለሁ። ከፈለጉ ይውሰዱት።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ኮችን አዩ። «ይቺ ልጅ ያንተ ናት?»

«የኔ ናት» አሉ ኮች። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ኮርተው አያውቁም። አዘጋጆቹ ሜዳሊያውን አልወሰዱባትም፤ እርማቷን ከመጀመሪያው ሥራዋ ጎን አወጡላት። ቢወስዱባት ኖሮም ለኮች ልዩነት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው መልክ ያዘ። «ስልክ ቁጥሮቹን ይስጡኝ፣ ከእንግዲህ የምደውለው እኔ ነኝ» አለች ዳርሲ። ኮች ሰጧት። እሷ ስትደውል ጥያቄው የሳቸው ሆኖ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ መልስም ይበልጥ አገኘች። አንዳንዱ ጋ መሣሪያው ለከፍተኛ ተመራማሪዎች ብቻ ነው። አንዳንዱ ጋ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ይነካል። እሑድ እሑድ ሦስቱም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የክፍያው ነገር የሮክሳን ሆነ። መነጽር ቤት ስለምትሠራ የተለጠፈው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ አንድ እንዳልሆነ ታውቃለች። በየትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ የቤተሰባቸውን ገቢ እያስገባች፣ ከድጋፉ በኋላ ራሳቸው የሚከፍሉትን ታሰላለች። ሲያዩት የሚያስደነግጠው አንዱ የግል ኮሌጅ ከርካሹ ረክሶ ተገኘ። ርካሽ የመሰላቸው ደግሞ ለውጭ ክፍለ ግዛት ልጅ ምንም አይቀንስም።

«ይሄኛው መነጽር ቢሸጥ ሌባ ነበር የምንለው» አለች ሮክሳን፤ ያንን ሰረዘችው።

ሊያዩ ከሄዱባቸው አንዱ ጋ ደግሞ አስጎብኚው ልጅ ስለ መዋኛ ገንዳውና ለስፖርት በገመድ ስለሚወጣበት ግድግዳ አውርቶ አውርቶ አልጨርስ አለ። ኮች እጃቸውን አወጡ። «ወንድሜ፣ ኬሚስትሪው ከገንዳው ሥር ነው?» ዳርሲ እስከ መኪናው ድረስ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ያም ቀረ።

ገና ሳይደርስ የማመልከቻው ነገር ተቋጨ። ከስድስቱ ምኞቶች ከልቧ የምትወዳቸው ሁለቱ ቀሩ፤ ኮች አልተቃወሙም፣ እንዲያውም «አርቀሽ ወርውሪ» አሏት። ልኳ የሆኑ ሦስት ተገኙ፤ ውጤቷ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚስተካከል፣ ቢቀበሏት የማይገርም፣ ባይቀበሏትም የማይደንቅ። መተማመኛዎቹ ሁለት ነበሩ። ሁለቱንም አይታ፣ የሚተኛበትን አልጋ ሳይቀር አይታ ነው የጻፈቻቸው።

በመጋቢት ሁለቱ ምኞቶች እምቢ አሉ። መልሱ በአንድ ቀን ነው የመጣው። ዳርሲ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። ኮች በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። ቆይታ ዓይኗ አብጦ ወጣችና፣ «የተረፈ ፓስታ አለ?» አለች። ሙሉውን ድስት አቀረቡላት። ጨረሰችው።

ከሦስቱ ልኮች ሁለቱ ተቀበሏት። አንዱ የሰጠው ድጋፍ በቂ ስላልነበር ያለ ብዙ ሐዘን ተተወ። ሌላው በፔንሲልቬኒያ ኮረብታ ላይ ያለ ጥሩ ኮሌጅ ነው፤ ድጋፉም ደህና፣ የሚቀረው ግን በየዓመቱ ጥቂት ብድር የሚያስፈልገው። መተማመኛዎቹ ሁለቱም ተቀበሏት፤ ከነሱ ብላክ ፎርክ ለጎበዝ ተማሪዎች በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ትምህርቱን በነፃ አደረገላት። ዶክተር ባውማንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በቤተ ሙከራዋ እንድትሠራ ቦታ እንደያዘችላት ጻፈች።

ኮች ልባቸው ወደ ኮረብታው ኮሌጅ ያደላ ነበር። እዚያ ሲሄዱ ሜዳውን አይተዋል፤ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ነው። ግን አፋቸውን ያዙ። ይህን ያህል ተምረዋል። ዳርሲ ወስና እስክትነግራቸው ድረስ ቤቱ ውስጥ ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ነበር የሚወራው።

«ብላክ ፎርክ ነው» አለች አንድ ጠዋት፣ ቁርስ እየበሉ።

ኮች ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ለእናትሽ ገንዘብ አዝነሽ አይደለም?»

«ትንሽ እሱም አለበት፣ ዴዶ። አልዋሽዎትም። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ኮረብታው ጥሩ ነው፤ ብገባበት ደስ ይለኝ ነበር። ግን የኔ ጥያቄ እዚህ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው። ከብላክ ፎርክ ቅዳሜ መጥቼ አፈር ወስጄ ሰኞ መለካት እችላለሁ። ደግሞ ያን ቀን የዚያን መሣሪያ ወንበር መልቀቅ አቅቶኝ አላዩም?»

«አይቻለሁ» አሉ ኮች።

«እንግዲያው ምን ይጠይቁኛል?»

ሮክሳን ድንገት ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ሳህኖቹ ንጹህ ነበሩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዕቃዋን ጭነው ወሰዷት። በመኝታ ክፍሉ ሌላኛዋ ልጅ ከወላጆቿ ጋር ቀድማ ገብታ ነበር። አባትየው የኮችን እጅ ጨብጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኛዋ እንኳ ሌላ ቦታ ነበር የተመኘችው። ምን ይደረግ፣ እዚህ ሆነ» አለ። «የናንተዋስ?»

ኮች ሊመልሱ ዳርሲን ፈለጓት። የለችም። አንሶላዋ እንኳ አልተነጠፈም፤ ሮክሳን ብቻዋን ከፍራሹ ጋር ትታገላለች።

«የት ሄደች?»

«ዶክተር ባውማን ቢሮ ትኖር እንደሆነ ልይ ብላ ሮጠች።»

ኮች ሰውየውን ዞረው አዩት። «የኛዋ ሥራ ጀምራለች» አሉት፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው የፍራሹን ጫፍ ያዙላት።

ዳርሲ የተመለሰችው እነሱ መኪናው ጋ ቆመው ሲጠብቁ፣ እየሮጠች ነው። እናቷን አቀፈች፣ አያቷን አቀፈች፣ የቤተ ሙከራ ቁልፍ እንደተሰጣት ነገረቻቸው፣ ደግማ አቀፈቻቸው፣ ወደ ሕንፃውም ሮጠች። ሮክሳን መኪናውን አስነሳች። አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጡ፣ «እንባ እንኳ አላወጣችም» አለች።

«ለምን ታለቅሳለች?» አሉ ኮች፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። በቆሎው ደርሶ ነበር። ዝናብ የዘነበ ይመስል መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉት።